መኪናዋ ዝቅ ካለች ጭነቱ የት ይሂድ?

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጉምሩክም ስለ ምንዛሬም አይደለም። ስለ መኪና ሞላ ነው። «ነጋዴ ስለ ሞላ ምን አገባው?» የምትሉ ካላችሁ፣ እኛም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያው ነበር የምንለው።

እኛ ባልና ሚስት ነን። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ከገባን 23 ዓመት ሆኖናል። የምንነግደው ብዙዎቻችሁ የምትነግዱትን ነው፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላ፣ የቡና ስኒ፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ። ዕቃው ከአዲስ አበባ ሞያሌ ይወርዳል፤ ከሞያሌ በማርሳቢት አድርጎ ኢሲዮሎ ይደርሳል። ከኢሲዮሎ ናይሮቢ ያለውን ወደ 280 ኪሎ ሜትር ግን ለዓመታት እኛው በመኪናችን ስናመላልሰው ኖርን። «እኛው» እንላለን እንጂ፣ ልጃችን መንጃ ፈቃድ ካወጣበት ቀን ጀምሮ መሪውን የሚይዘው እሱ ነበር።

መኪናችን ሱባሩ ኢምፕሬዛ ስቴሽን ናት፣ የ2006 ሥሪት። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ስለማታስገባ፣ እንደ አብዛኛው የዚህ አገር መኪና ጃፓን ተነድታ፣ ስምንት ዓመቷ ሳይሞላ በሞምባሳ ወደብ የገባች ናት። ለእኛ የጭነት አህያችን ነበረች። ለልጃችን ግን ሌላ ነገር ነበረች። ናይሮቢን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ሱባሩ የወጣት መኪና ነው። ቅዳሜ ማታ በድምፁ ከሩቅ ይለያል፣ ቸርኬው ይለወጣል፣ ከዚያም ፓራፋንጎው ጎማውን እስኪነካ ድረስ ዝቅ ይደረጋል። ልጃችን የጠየቀንም ይህንኑ ነበር።

«አባዬ፣ ትንሽ ዝቅ ትበል። አራት ሴንቲ ብቻ።»

መልሳችን አጭር ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ሳቅን፤ ሌላኛችን «ይልቅ ፍሬኗን አሠራ» አልን። ያኔ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳንጠይቀው ማለፋችን አሁን ያሳፍረናል። ለምን ፈለግኸው፣ በምን ታደርገዋለህ፣ ማን ይሠራልሃል ብንለው ኖሮ የቀረው ታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

ልጁ ዝም ብሎ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናዋ ዝቅ ብላ መጣች። አንድ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ፉንዲ፣ ጁዋ ካሊ የሚሏቸው ዓይነት፣ አራቱንም ሞላዎች ፈትቶ ከእያንዳንዱ አንድ ዙር በግራይንደር ቆርጦለታል። መለዋወጫ የሚባል አልተገዛም፤ የተከፈለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር መኪናዋ አምራ ነበር። ተቆጣን፣ ጮኽን፣ ግን የወሩ ዕቃ ኢሲዮሎ ደርሶ ነበርና በዚያው ሳምንት እንደዚያው ይዘናት ሄድን። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ የልጁ ብቻ አይደለም።

በዚያ ጉዞ እማማም ነበሩ። የአንዳችን እናት ናቸው፣ ስለዚህ የሁለታችንም እናት። ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ኢሲዮሎ በአውቶቡስ መጥተው፣ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ዘመድ ቤት አርፈው ይጠብቁን ነበር። ድሮ ያ መንገድ ፒስታ በነበረበት ዘመን ቢሆን ጨርሶ አይሞክሩትም ነበር። አምስት ማዳበሪያ ሽሮና በርበሬ፣ ወደ 130 ኪሎ፣ ከኋላ ጫንን። እማማንና አንዳችንን ኋላ ወንበር ላይ አድርገን በናንዩኪ በኩል ጉዞ ጀመርን።

የኬንያን መንገድ የሚያውቅ በምፑን ያውቃል። አስፋልቱ እንደ ምንጣፍ ነው፤ ከዚያ መንደር ሲደርስ ጉብታ፣ ገበያ ሲደርስ ጉብታ፣ ትምህርት ቤት ሲደርስ ሦስት ጉብታ። በእያንዳንዱ ላይ ከሥራችን «ጓ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። መኪናው አይወዛወዝም፤ እንደ ድንጋይ ነው የሚመታው። እማማ በየጉብታው «በስመ አብ» ይላሉ። ልጃችን አንገቱን ደፍቶ ይነዳል፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ካራቲናን ሳናልፍ፣ መንገዱ ቁልቁል እየተጠመዘዘ፣ መታጠፊያው ላይ ያልታየ ጉብታ አገኘን። የኋላዋ ቀኝ ጎማ ፓራፋንጎውን ስትነክስ ሰማናት። የመኪናዋ ቂጥ ዘለለና ወደ መንገዱ መሃል ወጣ። ከፊታችን የጭነት መኪና ይመጣ ነበር። ልጃችን እንዴት እንደመለሳት እሱም አያውቀውም። ዳር ይዘን ስንወርድ የጎማው ትከሻ እንደ ዳቦ ተቆርጦ፣ አየሩ እየወጣ ነበር።

ክሪክ ገብቶ መንኮራኩሩ ሲንጠለጠል ደግሞ ሌላ ጉድ አየን። ሞላው ላልቷል። አንዳችን እጃችንን ሰደድን፤ ሞላው በእጅ ዞረ። ያንን ሁሉ ኪሎ የተሸከመ ብረት፣ እንደ ወጥ ማማሰያ በእጅ ይዞራል። እማማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ልጃችን አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ አለና አለቀሰ። የ22 ዓመት ልጅ ነው።

በማግስቱ አንድ የአገራችን ሰው መካኒክ ዘንድ ሄድን። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ከመለዋወጫ መሃል ያደጉ፣ ናይሮቢም ብዙ የቆዩ ሰው ናቸው። ስማቸው ባይጻፍ ይመርጣሉ፤ እኛም ጋሼ እንላቸዋለን። ይሳደባሉ ብለን ፈርተን ነበር። የካርቶን ክዳን ቀደዱና እርሳስ አወጡ።

«ሞላ መኪናውን ይሸከማል፤ ሾክ ደግሞ ሞላውን ያረጋጋል። ሁለት ሥራ ነው» አሉ። «የእናንተ ሞላ ስድስት የሚሠራ ዙር ነበረው እንበል። አንዱን ስትቆርጠው አምስት ቀረው። ዙር ሲቀንስ ሞላ ይጠነክራል፤ ስድስት ለአምስት፣ ማለት አንድ አምስተኛ ጨመረ። ልጁ የሰማው መድረቅ ይሄ ነው። ግን መጠንከሩ አያድናችሁም። አሁን ቁጠሩ።»

ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግተዋቸው ነበር፤ እኛም እንዳሉት እናስቀምጣለን፣ ነጋዴ ስሌት አይጠላምና። ከኋላ ያለው እያንዳንዱ ሞላ በ2.5 ኪሎ አንድ ሚሊ ሜትር ይወርዳል እንበል። ሁለቱ በአንድ ላይ 5 ኪሎ ለአንድ ሚሊ ሜትር። ከኋላ 200 ኪሎ፣ ሰውም ዕቃም ተደምሮ፣ ሲያርፍባቸው መኪናው 40 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ፋብሪካው ባዶ መኪና ላይ እስከ ጎማዋ መቆሚያ ድረስ 70 ሚሊ ሜትር ትቶ ከነበረ፣ ገና 30 ይተርፋል፤ ጉብታው የሚበላው ያንን ነው። አሁን በ40 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ባዶውን ሲቆም 30 ብቻ ቀረው። ሞላው ጠንክሮ 3 ኪሎ ለአንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ፣ 200 ኪሎ በ6 ሲካፈል 33 ነው። ያለው 30፣ የሚያስፈልገው 33። መኪናው ከኢሲዮሎ ሳይነሳ መቆሚያው ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

«ከካራቲና ብቻ አይደለም የመጣችሁት» አሉ ጋሼ። «ያለ ሞላ ነው የመጣችሁት።»

የመቁረጥ ሌላው ጣጣ አቀማመጡ ነው። የሞላው ጫፍ ከመቀመጫው ጋር እንዲገጥም ሆኖ ነው የሚሠራው፤ የተቆረጠ ጫፍ ቦታውን አያገኝም። መንኮራኩሩ ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል አጭሩ ሞላ ላልቶ ከቦታው ይንሸራተታል። አንዳንዱ ፉንዲ ደግሞ ከመቁረጥ ይልቅ በእሳት አግሎ ያስተኛዋል፤ ጋሼ ያኛውን ሲሰሙ ምራቃቸውን ነው የሚተፉት። ብረቱ የተሰጠውን ጥንካሬ በእሳት ያጣል፤ ዛሬ አራት ሴንቲ ዝቅ ያለው በየሳምንቱ እየወረደ ይሄዳል።

እኛ ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሎን ነበር። የፋብሪካውን ሞላ ገዝተን፣ መልሰን ገጥመን፣ ልጁን ገሥጸን። ማታ ቤት ስንነግረው ግን ልጃችን ከእራቱ ቀና ብሎ አንድ ነገር ጠየቀን።

«እማዬ፣ እኔ ረዳት ነኝ ወይስ ልጅ?»

ማናችንም አልመለስንለትም። ከ18 ዓመቱ ጀምሮ በየወሩ ኢሲዮሎ ይመላለሳል። ደመወዝ ከፍለነው አናውቅም። ጓደኞቹ ቅዳሜ ሲገናኙ እሱ ማዳበሪያ ይጫናል፤ መኪናዋ ውስጥ የእሱ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር ስልክ መሙያው ነው። ጥያቄው ስለ አራት ሴንቲ ሜትር እንዳልነበረ የገባን ያን ማታ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ አለ ብለን እንገምታለን፤ ልጅ ሲሆን የሚኮራበት፣ ሥራ ሲሆን የማይቆጠር።

ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥነው። «ዝቅ ትበል ወይስ አትበል?» ሳይሆን «ዝቅ ካለች በምን? ጭነቱስ የት ይሂድ?» አልን። ሦስታችንም ግሮጋን ወረድን።

ግሮጋን ማለት በኪሪኒያጋ መንገድ አካባቢ ያለው የናይሮቢ የመለዋወጫ ገበያ ነው፤ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያ የቀረበልን ምርጫ ሦስት ዓይነት ነበር። ዋጋ አንጠቅስም፤ ሺሊንጉም የመርከቡ ኪራይም በየወሩ ይለዋወጣል።

የመጀመሪያው አጭር ሞላ ብቻ ገዝቶ በነበረው ሾክ ላይ መግጠም ነው። እንደ አይባህ፣ እንደ ቴይን ያሉ ፋብሪካዎች ሲጀመር አጭር አድርገው የሠሩት ሞላ ነው፣ ጫፉም መቀመጫውን ይገጥማል። ርካሹና ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፤ ብዙ ወጣትም እዚህ ያቆማል። ችግሩ ሾኩ ነው። የፋብሪካው ሾክ የተመጠነው ለረጅሙና ለለስላሳው ሞላ ነው። ሞላው ሲያጥር የሾኩ ዘንግ ሁልጊዜ ገባ ብሎ ይሠራል፤ ሞላው ሲጠነክር ደግሞ ሾኩ ሊይዘው አቅም ያንሰዋል። በእኛ መኪና ላይ ያለው ሾክ ከጃፓን የመጣበት ነው፤ ዕድሜው ከእህታችን ልጅ ይበልጣል። ጋሼ የመኪናዋን ጥግ ተጭነው ለቀቁት፤ ሦስት ጊዜ ነጠረች። «እንኳን አዲስ ሞላ ሊይዝ፣ አሮጌውንም አልያዘው» አሉ።

ሁለተኛው ኮይሎቨር ነው። ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ፣ አካሉ እንደ ቦሎኔ ጥርስ ያለው፣ ከፍታው በቁልፍ የሚስተካከል። የልጃችን ዓይን እዚያ ነበር። ከጃፓን በኮንቴይነር የመጣ ያገለገለ አገኘ፤ ሞላው ላይ 6 ኪሎ ተጽፎበታል፣ ለአንድ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እዚህ ላይ ልጁ ጋሼን በገዛ ስሌታቸው ያዛቸው።

«ጋሼ፣ ሁለቱ 12 ኪሎ ናቸው። 200 ለ12 ሲካፈል 17 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጭነቱንም ይችላል እኮ!»

ጋሼ ሳቁ። ልክ ነው አሉት። ከዚያ ግን መኪናው በወር አንድ ቀን ነው የሚጫነው፣ የቀረውን ባዶውን ነው የሚሄደው አሉ። በዚያ ድርቀት ባዶ መኪና በኢስሊ መንገድ ላይ ጎማው አስፋልቱን ይዞ አይሄድም፤ ይዘላል። ዝናብ ላይ የዘለለ ጎማ ፍሬን አይይዝም። ደግሞም ያገለገለ ኮይሎቨር ውስጡ አይታይም። ዘንጉ ላይ ዘይት ያረጠበው አቧራ ካለ፣ የብረቱ ንጣፍ ከተላጠ፣ ማስተካከያው ቀለበት ዝጎ አልዞርም ካለ፣ የሚገዛው የሌላ ሰው ድካም ነው። የኛው ቀለበት በመዶሻም አልዞረም። ልጁ ራሱ መልሶ አስቀመጠው። ለአስፋልት ከተማ ብቻ የሚነዳ፣ አዲሱን የመግዛት አቅም ያለው፣ በየጊዜው የሚያጥብና የሚቀባ ሰው ቢገዛው አንቃወምም። የሞያሌን መስመር ለሚሠራ ግን አንመክርም።

ሦስተኛውን መረጥን፤ በመጠኑ አጭር የሆነ ሞላ፣ ከእሱ ጋር እንዲሄድ ከተሠራ አዲስ ሾክ ጋር፣ አራቱንም በአንድ ጊዜ። አራት ሴንቲ የነበረው ምኞት ወደ 25 ሚሊ ሜትር ወረደ። ልጃችን ተከራከረ፣ ከዚያ በካርቶኑ ላይ ራሱ አሰላውና ተወው። ቸርኬው የነበረው ቀረ፤ ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ ጨምሮ ዝቅ ማድረግ ጉብታውን በወገብ መቀበል ነው።

ሲገዛ ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛ፣ «የኢምፕሬዛ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ሴዳኑና ስቴሽኑ ይለያያሉ፣ ቱርቦ ያለውና የሌለውም ይለያያሉ፤ ሻጩ የሻሲ ቁጥሩን ሳይጠይቅ ዕቃ ካወጣ፣ ውጡ። ሁለተኛ፣ ካርቶን አያሳምናችሁ። የታወቀ የጃፓን ስም የታተመበት ሳጥን ውስጥ ሌላ ዕቃ አይተናል፤ በሳጥኑና በሾኩ አካል ላይ ያለው ቁጥር አልገጠመም። ቁጥር አመሳክሩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። በርበሬ ስንገዛ እፍኝ አውጥተን እናሸታለን እኮ፤ ይሄ ከበርበሬ ያነሰ አይደለም።

ገንዘቡን ግማሹን ልጃችን ከስልክ ጥገና ካጠራቀመው ከፈለ፤ ግማሹን እኛ። ያልከፈልነው ደመወዝ ነው ብለን በግልጽ ነገርነው።

ገጠማው አንድ ቀን ፈጀ። ጋሼ ከመንኮራኩሩ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ አራቱንም ጥግ በሜትር ለክተው ጻፉ፤ ከገጠማው በኋላም ለኩ። አንድ ሌላ ቦታ ያላየነው ጥንቃቄ ነበራቸው፦ ጎማ ቡሽ ያለባቸውን ቦሎኔዎች መኪናው ክሪክ ላይ ሳለ ጨርሰው አላጠበቁም። መንኮራኩሮቹ መሬት ከያዙ በኋላ ነው ያጠበቁት። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ቡሹ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ከዚያ መኪናዋ ለአንድ ሳምንት ተነድታ ሞላው ቦታውን ሲይዝ ወደ ዊል አላይመንት ሄደች። ይህንን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል መንኮራኩሩን ከሥር የያዘው የብረት ክንድ ዘንበል ስለሚል የጎማው አቅጣጫ ይለወጣል፤ ሳይስተካከል ከተነዳ ጎማው ከውስጥ በኩል ሳይታይ ይበላል። የፊት መብራቱንም አስተካከልን።

ጭነቱስ? መኪናዋን በስሙ አዞርንለት፣ ከእንግዲህ ማዳበሪያ አይጫንባትም ተባባልን። አሁን ዕቃችን ከኢሲዮሎ ናይሮቢ በኪራይ ጭነት ይመጣል። በየማዳበሪያው እንከፍላለን፣ ትርፋችን ሳስቷል፤ አንዳንድ ወር ይሰማናል። ካለፈው ፋሲካ በፊት ዕቃ ሁለት ቀን ዘግይቶብን አንድ ደንበኛ አጥተናል። ልጃችን አሁንም ከእኛ ጋር ይሠራል፣ በወር ተቆራጭ እየወሰደ፤ መጀመሪያ የሰጠነው ቀን ሁለት ጊዜ ቆጠረው፣ የእናት የአባቱን ልጅ።

መኪናዋ ከተገጠመች ስምንት ወር ሆኗታል። የግቢያችን በር ላይ ያለችው ጉብታ ብቻ አልፎ አልፎ ሆዷን ትነካታለች፤ ልጁ በአግድም ይወጣታል። በምፕ ላይ አንድ ጊዜ ዝቅ ትላለች፣ ትመለሳለች፣ ታርፋለች። እማማን ባለፈው ወር ሐኪም ቤት ያመላለሳቸው እሱ ነው። ለመግባት ወንበሩ ዝቅ ስላለ ደስ ብሏቸዋል፤ ለመውጣት ግን እጃቸውን ካልሳቡላቸው አይሆንም፣ እሱንም በምርቃት ይከፍሉታል።

ከተቆረጡት ሞላዎች የወጡትን አራት ቀለበቶች ልጃችን ሊጥላቸው ነበር። እማማ አንዱን ለምነው ወሰዱና አጥበው ጨርቅ ጠቀለሉበት። አሁን ጀበናቸው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ማቶት አሉት።